የእትዬ ፎርማ

የእግር ሐኪሙ ቤት ስልክ የምታነሳው ልጅ የነገረቻት ብዙ አልነበረም። «ጥፍርሽን ቀለም እንዳትቀቢ፤ የተቀባም ካለ አስለቅቂው። የጠጠረውን ቆዳ እንዳትፍቂው፤ ዶክተሩ እንዳለ ነው ማየት የሚፈልገው። ወደ ላይ የሚጠቀለል ሰፋ ያለ ሱሪ ልበሺ። አዘውትረሽ የምታደርጊውን ጫማ ይዘሽ ነይ፤ አሮጌም ካለሽ ጨምሪበት። ደግሞ መቼና እንዴት እንደጀመረሽ አስበሽበት ነይ፤ ይጠይቅሻል። በቃ ይኸው ነው፤ አትፍሪ።»

አትፍሪ የተባለ ሰው መፍራት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ትንሿም ስልኩን ዘግታ የሳሎኑ መስታወት ፊት ቆማ ቀረች። የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ከኋላዋ ያጓራል፤ ደንበኛዋ ቢጎዲን ተጠቅልሎላት መጽሔት ታገላብጣለች። እሷ ግን ከተነገራት ሁሉ አንዱ ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። መቼ ጀመረሽ? መቼ እንደጀመራት አሳምራ ታውቃለች። ለማያውቁት ሰው የሚነገር ነገር አልሆን ብሏት ነው እንጂ።

«ትንሿ» የቤት ስሟ ነው። ታላቅ እህቷ «እትዬ» ስትባል እሷ «ትንሿ» ተባለች፤ ሠላሳን ተሻግራ፣ ጸጉር ሠሪ ሆና እናቷን እየጦረችም ስሙ አልለቀቃትም። ትንሿ ትባል እንጂ በቁመቷም በእግሯም ከእትዬ ትበልጥ ነበር። ነበር የምንለው እትዬ በሕይወት ስለሌለች ነው። ሠርጓ ደርሶ፣ ቀሚሷ ተሰፍቶ ሳለ፣ አጭር ሕመም ይዟት ሄደ።

ደንበኞቹ ሲወጡላት ትንሿ ጥፍር የሚሠራበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሳሎኑ ጥፍር የምትቀባውን ባልደረባዋን ሁሉም «ቀለሟ» ነው የሚላት፤ ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ እሷም ሳትረሳው አልቀረችም።

«ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አለች ቀለሟ፤ ጥጡን አሴቶን እየነከረች። «ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እግርሽን አሳይተሽኝ አታውቂም። እኔማ ጅራት ቢኖርሽ ነው እል ነበር።»

«ቀለሙን ብቻ አስለቅቂልኝ። ሌላ ነገር እንዳትነኪ።»

«እሺ እመቤቴ። አምጪያት እስቲ ጅራቷን።»

ትንሿ ካልሲዋን አወለቀች። ቀለሟ ሳቋን እንደያዘች ጥጡን አውራ ጣቷ ላይ ጫነችው። ወፍራሙ ቀይ ቀለም ሲለቅ ከሥሩ የጠቆረ ጥፍር ብቅ አለ፤ በአንድ በኩል ሥጋ ውስጥ ገብቷል። አውራ ጣቱ ወደ ጎን ተጋድሞ ጎረቤቱ ላይ ተደግፏል፤ ከሥሩ አጥንቱ አፍጥጦ ወጥቶ ቀልቷል። የመጨረሻዋ ትንሽ ጣት ደግሞ የተቆጧት ልጅ ይመስል ከሌላኛዋ ሥር ተሸጉጣለች።

ቀለሟ ጥጡን አስቀምጣ እግሯን በሁለት እጇ ያዘች። 

«ይሄ የማን እግር ነው?» አለች።

«የኔ ነዋ።»

«ያንቺ አይደለም። ያንቺ ቢሆን እንዲህ አትጨክኚበትም ነበር።» ጎንበስ ብላ የትንሿን ጥቁር ጫማ አነሳችና ሶሉን ከእግሯ መዳፍ ጋር አስተያየችው። ጫማው አነሰ፤ ከጣቶቿ ጫፍም ከጎንም። «ይሄ ለአንቺ አልተሠራም።»

«በእትዬ ፎርማ ነው የተሠራው።»

ፎርማ ማለት ጫማ ሠሪዎች ቆዳውን የሚወጥሩበት የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት ነው። የእትዬ እጮኛ ጫማ ሠሪ ነበር። ለሠርጓ ብሎ እግሯን ለክቶ፣ እንጨቱን በእጁ ጠርቦ የሠራላት ፎርማ ነበረ። እትዬ ሞተች፤ ፎርማው ቀረ። ኀዘኑ ሲበርድ ታዲያ አንድ ቀን እናቷ ጥቁር ጫማ በሳጥን ይዛ መጣችና «ላከልሽ» አለቻት። ልክ እትዬ ታደርገው የነበረ ዓይነት፤ ታኮው ሥር እንኳ ያው ብረት ተመትቶበት። እግሯን ስትሰድበት ጠበባት። የማን ልክ እንደሆነም ወዲያው ገባት። ከዚያ ወዲህ ባለቀ ቁጥር ሌላ ይመጣል፤ ያው ጫማ፣ ያው ልክ።

«አንቺስ ለምን አፍሽን ሞልተሽ ጠበበኝ አትዪውም?»

ትንሿ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቀለሟ አገጯን ይዛ መለሰቻትና ዐይኗን አየቻት።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች። «ትወጂዋለሽ።»

«በምን አወቅሽ?»

«የማትወደው ሰው በሠራው ጫማ ዕድሜዋን እያነከሰች የምትኖር ሴት ስላላየሁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺማ ሁለት በሽታ ነው የሸሸግሽው! ነገ ሐኪሙ ‹ይሄን ጫማ ጣይው› ቢልሽ ምን ልትይው ነው?»

«እሱ ሲያየኝ የሚያየው እሷን ነው፤ አውቃለሁ» አለች ትንሿ። «ግን ያያል። ጫማውን ከጣልኩት እሱ ዘንድ ምን ይቀረኛል?»

 ቀለሟ እግሯን በፎጣ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችውና፣ ቀለም የሌለበትን ጥፍር እያየች አብራት አለቀሰች።

* * *

የሚኖሩበት ፎቅ ኮሪደር ረዥምና ባዶ ነው፤ የረገጠውን ሁሉ ይናገራል። የታኮው ብረት ንጣፉን ሲመታ ኳ፣ ኳ ይላል። ትንሿ በዚህ ኮሪደር ስትራመድ አንዳንድ ቀን ዞር ማለት ትፈራለች። የምትሰማው የራሷን እርምጃ አይደለም። እትዬ ቀልጠፍ፣ ጠበቅ አድርጋ ነበር የምትራመደው፤ ጫማው ደግሞ ሌላ አረማመድ አይፈቅድም። እሷ ትሂድ እንጂ የምትመጣው እትዬ ናት።

«መጣሽልኝ?» አለች እናቷ ከውስጥ።

የእናቷን ዐይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። በመስኮቱ በኩል ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ሰው ግን በጆሮዋ ነው የምታውቀው። ይህችን «መጣሽልኝ» ስትል ድምጿ የልጃገረድ ይሆናል። ትንሿ በሩን ስትከፍትና «እንደምን ዋልሽ እማዬ» ስትል ደግሞ ያው ድምፅ ቁልቁል ይወርዳል፤ «ደህና፤ አንቺስ ልጄ» ይሆናል። በየቀኑ ይኸው ነው። ትንሿም በየቀኑ ትሰማዋለች፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ራት ታቀርባለች።

ያን ቀን ምሽት፣ ገና መብራት እንደበራ፣ እግሯን ለብ ባለ ውሃ አጥባ በጣቶቿ መሐል ያለውን ሁሉ አደረቀች። ሰፊ ሱሪዋን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን የምትይዝበት ፌስታል ቁም ሳጥኑ ውስጥ ስለነበር ልታመጣ በባዶ እግሯ ተነሳች። ሙሉ የእግሯ መዳፍ ቀዝቃዛውን ንጣፍ ሲነካ እንግዳ ነገር ተሰማት። ቤቷን በባዶ እግሯ አታውቀውም ለካ።

«ማነው?» አለች እናቷ።

ትንሿ ባለችበት ደረቀች።

«ማነው? ሰው አለ እዚህ!» እናቷ የወንበሯን እጀታ ጨምድዳ ይዛ ባዶውን አየር በዐይኗ ትፈልጋለች። «ኧረ ማነው የገባው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አንቺ ማነሽ?»

ከሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ ነው የቆመችው። የሻምፖዋ ሽታ እንኳ ይደርሳል። «ልጅሽ ነኝ» ልትል ፈልጋ አፏ እምቢ አላት፤ ልጅሽ ብትል የትኛዋ እንዳትባል ፈራች።

«ትንሿ ነኝ» አለች።

«አ! አንቺ ነሽ እንዴ!» እናቷ ትንፋሿን ለቀቀችና ወደ ኋላ ተደገፈች። «ምነው እንደ ሌባ በባዶ እግርሽ? ልቤን አጠፋሽው እኮ። ጫማሽን አድርጊ ልጄ፤ ብርድ ይመታሻል። ጫማሽን አድርጊ።»

«እሺ እማዬ።»

የታጠበውን እግሯን መልሳ ጠባቡ ጫማ ውስጥ ሰደደችው። ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ ኳ፣ ኳ። የእናቷ ፊት ፈታ አለ፤ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ እንኳ መጣ። በገዛ እግሯ ስትሄድ ለእናቷ ሌባ ናት፤ በሟች እግር ስትሄድ ልጅ። የሞተ ተጎዳ ይላሉ ሰዎች። ትንሿ ያን ምሽት ይህን አባባል የፈጠረውን ሰው አጥብቃ ጠላችው።

* * *

ቀጠሮዋ ከሰዓት ነበር። ጠዋት ወደ ጫማ ሠሪው ሱቅ ሄደች፤ አሮጌው ጫማዋ ታኮ ሊቀየርለት እሱ ዘንድ ነበረና።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ማስቲሽና አዲስ ቆዳ ይሸታል። የደንበኞቹ ፎርማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በግድግዳው ዙሪያ በገመድ ተንጠልጥለዋል። አንድ ጥንድ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። ትንሿ በገባች ቁጥር ከሥሩ ታልፋለች፤ በገባች ቁጥርም አንገቷን ትደፋለች።

«ትንሿ! ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አለ እሱ ከመዶሻው ቀና ብሎ። ወደ አርባ የተጠጋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ዐይኑ ግን እሷ ላይ አርፎ አያውቅም። ሁልጊዜ ፊቷን አየት ያደርግና ፈጥኖ ወደ ጫማዋ ይወርዳል። ትንሿ ይህችን አወራረድ ታውቃታለች። ትርጉሟንም የምታውቅ ይመስላታል።

«ከሰዓት ቀጠሮ አለኝ ጋሼ። አሮጌውን ጫማ ልወስደው ነው።»

«ገና አልጨረስኩትም እኮ።»

«እንዳለ ስጠኝ። ሐኪም ሊያየው ነው።»

«ጫማ የሚያክም ሐኪም መጣልን?» ብሎ ሳቀ። «እንጀራዬን ሊዘጋው ነዋ!»

«የእግር ሐኪም ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ከመደርደሪያው አሮጌውን ጫማ አወረደና ሊሰጣት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ መልሶ ወደ ራሱ ሳበው። አውራ ጣት የሚያርፍበትን ጎን በጣቱ ዳሰሰ። ስፌቱ ተተርትሯል።

«ሁሌም እዚህ ጋ ነው የሚተረተረው» አለ ለራሱ። «በየዓመቱ እዚችው ቦታ። ቆዳው ነው እያልኩ ቆዳ ሻጩን ስረግም ኖርኩ። ሦስት ዓይነት ቆዳ ቀያየርኩ።» ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ጠቦሻል?»

ትንሿ ጫማውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

«ትንሿ፣ ጠቦሻል ወይ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አለች።

ጫማው ከእጁ ወርዶ ቆዳው ላይ ተኛ። «ታዲያ እንዴት አንድ ቀን…? ‹ጠበበኝ› ለማለት ምን ከለከለሽ?»

ለዓመታት ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ነገር ያን ጊዜ አመለጣት። «ምን ብዬ ልንገርህ? ‹እኔ እሷ አይደለሁም› ልበልህ? እሷን እያሰብክ ጠርበህ፣ እሷን እያሰብክ ሰፍተህ የላክልኝን ጫማ ‹ልኬ አይደለም› ብዬ ልመልስልህ? አልፈለግክም እኔን ልትለካ! እኔም ገባኝ፤ ዝም አልኩ። እግሬን አጥፌ በልኳ ገባሁልህ። ሌላ ምን ላድርግልህ ጋሼ?»

«ቆይ… ቆይ እስቲ። እኔ? እኔ ነኝ የላክሁልሽ?»

«አንተ ካልሆንክ ማን?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያዘዝሽው?»

 ውጭ መንገድ ላይ ሰዎች እየተሳሳቁ አለፉ።

«እናትሽ መጣች» አለ ጫማ ሠሪው። «ያን ጊዜ ዐይኗ ገና ያይ ነበር። እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ‹ልጅቷ በእህቷ ጫማ ካልሄድኩ ብላለች። በዚያው ፎርማ ሥራላት፤ ብረቱንም እንደዚያው አድርገህ ምታ። እንዳትለካት፤ ስለሱም እንዳታነሳባት፤ ቁስሏን ትቀሰቅስባታለህ› አለችኝ። እኔ ደግሞ… እህትሽን መርሳት ያልቻልሽ መሰለኝ። በገባሽ ቁጥር ቀና ብዬ ላይሽ ስል፣ ጫማውን አይና ‹ይቺ ልጅ ኀዘንተኛ ናት፤ ምን ዐይን አለህ› እላለሁ ለራሴ።»

«ለኔ ደግሞ ‹ላከልሽ› አለችኝ። ‹ካላደረግሽለት ልቡ ይሰበራል፤ እንዳታሳዝኚው› አለችኝ።»

ትንሿ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ሊያስቆጣት የሚገባ ነገር ነበር፤ ቁጣው ግን ገና ሳይወጣ አንጀቷ ራራ። ኮሪደሩ መጣባት። «መጣሽልኝ?» የሚለው ድምፅ መጣባት። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። እናቷ እሳቱን ለልጇ አስታቅፋ ኖራለች።

«አንድ ቀን እንኳ» አለች ቀና ሳትል፣ «አንድ ቀን እንኳ ልትለካኝ አላማረህም?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«እጄን።» ሁለት እጆቹን አያቸው፤ ማስቲሽ የጠቆረባቸው፣ መርፌ የወጋጋቸው። «አፌን እይዘዋለሁ፤ ለምጃለሁ። እጄን ግን አላምነውም። እግርሽን ከያዝኩ እጄ ያወራብኛል።»

የትንሿ ፊት ደም መሰለ። ሰው የሚመኘውን ነገር ለረዥም ጊዜ ከተመኘ፣ ሲሰማው መጀመሪያ የሚመጣበት ፍርሃት ነው። «እትዬስ?» አለች።

«እወዳት ነበር። አልዋሽሽም። ጫማዋን እየሠራሁ አልቅሼላታለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ላይ እንባዬ አለበት። ከዚያ አንድ ቀን ብረቱን ስመታ፣ ይሄ ድምፅ ሲመጣ በዐይኔ የማየው ማን እንደሆነች አወቅሁ። በዚህ በር አንገቷን ደፍታ የምትገባዋን ነበር። ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። አፈርኩ።»

ከዚያ ወረቀት አነጠፈ። መሬቱ ላይ፣ ከእግሯ ሥር።

«አይሆንም» አለች ትንሿ፤ እግሯን ወደ በርጩማው ሥር እየሰበሰበች። «ያስጠላል። አንተ አታየውም።»

«ሐኪሙ ከሚያየው በፊት እኔ ማየት አለብኝ።»

ጫማዋን እሱ አወለቀላት፤ ካልሲዋን እሷ። ጫማ ሠሪው እግሯን አየው። የተጋደመውን ጣት፣ ያበጠውን አጥንት፣ የጠቆረውን ጥፍር አየ። 

«ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «በእጄ።»

«እኔም በእግሬ» አለች ትንሿ።

«ቁሚ። ሙሉ ክብደትሽን ጣይበት። ተቀምጦ የተለካ እግር ይዋሻል።»

ቆመች። እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ከተረከዟ ጀመረ። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ቀሰስ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጣቶቹ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ይዘገያሉ። እንዳለውም አወሩበት። ያን ጊዜ በሩን ነፋስ ገፋው፤ ከላይ የተሰቀለው የእትዬ ፎርማ ተወዛወዘና ግድግዳውን መታው። ኳ።

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ፎርማው ሁለተኛ መታ፤ ኳ። የእትዬ እርምጃ ነው፤ ቀልጠፍ፣ ጠበቅ ያለ።

«ትሰማናለች» አለች ትንሿ በሹክሹክታ። ጠጉሯ ቆሟል።

ጫማ ሠሪው እርሳሱን ከእግሯ አላነሳም። ወደ ላይም አላየም። እንባው በአፍንጫው ጎን ወርዶ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

«ትስማን» አለ። «ለሷም መንገር ነበረብን።»

መስመሩ አውራ ጣቷን ዞሮ ወደ ተረከዟ ተመለሰና ገጠመ። ትንሿ ከወረቀቱ ወርዳ የራሷን እግር ቅርጽ ቁልቁል አየችው፤ ጠማማ ነበር፣ ትልቅ ነበር፣ የማንም አልነበረም የሷ እንጂ። ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ደስታ ይሁን ኀዘን ግን እሷም ልትለየው አልቻለችም።

* * *

ወደ ቤት የሄዱት አብረው ነው። ለስላሳ ቆዳ ያለው ክፍት ነጠላ ጫማ አድርጎላታል፤ ጥቁሮቹ ጫማዎች፣ አዲሱም አሮጌውም፣ ፌስታል ውስጥ ናቸው። እሱ ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ማነው?» አለች እናቷ፤ ልክ እንደ ትላንቱ።

«ትንሿ ነኝ እማዬ። ካንቺ ጋር ወሬ አለኝ።»

ከወንበሯ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለችና የእናቷን እጅ ይዛ እግሯ ላይ አስቀመጠችው።  የእናቷ ጣቶች መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ መፈለግ ጀመሩ። ተረከዙን አገኙ፤ በጎኑ ወጡ፤ የወጣው አጥንት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ የማን እግር ነው?» አለች እናቷ።

«የኔ ነው።»

«አይደለም። እኔ ሁለታችሁንም አጥቤ ነው ያሳደግኳችሁ። የኔ ልጆች እግር እንዲህ አልነበረም።»

«በእትዬ ጫማ ነው እማዬ።»

የእናቷ እጅ እግሯ ላይ እንዳለ ቀረ። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ጫማ ሠሪው ሲያስለው ተሰማ፤ እናቲቱ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። ማን እንደሆነ አላጣችውም። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ገባት።

«ያበድኩ መስሎሻል አይደል?» አለች ቀስ ብላ። «አላበድኩም። ልጄን ቀብሬያታለሁ፤ እንደማትመጣ አውቃለሁ። ድምፁን ነው የፈለግኩት። ከኮሪደሩ ጫፍ ድምፁ ሲነሳ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ሁለት ልጆች አሉኝ። ያቺን ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«በሩ ሲከፈት የምገባው ግን እኔ ነበርኩ» አለች ትንሿ። «ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ እማዬ። ድምፅሽ ሲወርድ እሰማ ነበር።»

እናቷ ይህን አልጠበቀችም።  ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ የማያየውን ዐይኗን ከልጇ እግር ጋር አጣብቃ፣ ያንን ያበጠ አጥንት ሳመችው። ትከሻዋ እየተርገፈገፈ «ልጄን… ልጄን…» አለች። የትኛዋን እንደምትል የሚጠራጠር ያን ጊዜ አልነበረም።

ሲበርድላት ጫማዎቹን ጠየቀች። ትንሿ ከሰዓት የእግር ሐኪም ጋ ልትወስዳቸው እንደሆነ ነግራት፣ ከፌስታሉ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። እናቷ ብረቶቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። እያንዳንዳቸውን፣ ቀስ ብላ። ትንሿ ፈራች፤ አልሰጥም ብትልስ? ይሄኔ ጨክኖ የሚቀማ እጅ የላትም።

«ሐኪሙ ይዘሽ ነይ ብሎ የለ?» አለች እናቷ።

«ብሏል።»

«እንኪ በይ ውሰጂው።» ፌስታሉ ውስጥ ራሷ መልሳ ከተተችው። «መቼ ጀመረሽ ካለሽ እውነቱን ንገሪው። እናቴ ናት በይው።»

«አልለውም።»

«ልጅ አትሁኚ።»

ትንሿ እናቷን ስማ፣ ፌስታሉን ይዛ ወጣች። ጫማ ሠሪው ተቀበላት። ገና ሁለት ሦስት እርምጃ እንደተራመዱ ከኋላቸው ጥሪ መጣ፤ በሩ ክፍት ነበር።

«ቆዪ እስቲ! ቀስ በይ። እያንዳንዱን እርምጃ ልስማሽ።»

ትንሿ ጫማ ሠሪውን ባለበት ትታ ብቻዋን ተራመደች። ነጠላ ጫማው ብረት የለውም፤ ኮሪደሩ ላይ ለስለስ ብሎ ጠፍ ይላል፤ ከዚያ ሸርተት። ጠፍ፣ ሸርተት።

«የቀኙን ትጎትቺዋለሽ» አለች እናቷ።

«አዎ እማዬ። ያመኛል።»

«ሳያምሽም ትጎትቺው ነበር። ዳዴ ትተሽ ከቆምሽ ጀምሮ። እትዬሽ ትስቅብሽ ነበር እኮ፤ ረስቼው።» ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች። «ትንሿዬ!»

እናቷ በዚህ ስም ከጠራቻት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ከቀብሩ ወዲህ «ልጄ» ብቻ ነበር የምትላት።

«አቤት እማዬ!»

«ማታ ስትመጪ ማነው አልልም። አውቄሻለሁ።»

ትንሿ ግድግዳውን ተደገፈች። ጫማ ሠሪው መጥቶ ክንዱን ሰጣት፤ ዐይኑ ፊቷ ላይ ነበር፤ ወደ እግሯ አልወረደም። «እንሂድ፤ ቀጠሮው ይደርስብናል» አለ። «ጋሼ» ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ክንዱን ብቻ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። በፌስታሉ ውስጥ ብረቶቹ ተጋጭተው ኳ አሉ። ትንሿ ለአንድ አፍታ ቆማ አዳመጠቻቸው፤ ከዚያ የቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ሕመሙን ሳትደብቅ፣ በራሷ እርምጃ ወደ ደረጃው ሄደች።